ለአንድ ሰው ልብስ የረዘመ ሽቦ

ለተከበሩ የአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤቶች ደንብ ክትትል ኃላፊ
ሰቆጣ

ይህ ደብዳቤ ክረምቱ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ጣራዎ ሳያፈስ፣ ከጎረቤትዎ ጋር ሰላም ውለው ሰላም እያደሩ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። በቤት ቁጥር አሥራ ሁለት የምኖረው እኔ ካሤ ጤናዬ ደህና ነው። ጤናዬን የሚጠይቀኝ ስለሌለ ለእርስዎ ልንገርዎ ብዬ ነው።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአዲሶቹ ቤቶች ፊት ያስዘረጉልን የልብስ ማስጫ ሽቦ እጅግ ረዝሟል። ከቁጥር አንድ በር ተነስቶ እኔ በር ድረስ በአሥራ ሁለት ቤት ፊት ያልፋል። እኔ ያለኝ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝና አንድ ጋቢ ነው። አጥቤ ሳሰጣቸው ጫፍ ላይ ተጠጋግተው፣ ሳይጠሩ ሠርግ ቤት የገቡ እንግዶች ይመስላሉ። ስለዚህ ወይ ሽቦው ይጠርልኝ፣ ወይ ልብስ ያላቸው ሰዎች ይምጡልኝ። ሁለተኛው ከደንቡ ጋር የሚጋጭ ከሆነ በመጀመሪያውም አልከፋም።

ሽቦውን ካነሳሁ አይቀር ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችንም በተራ ቁጥር ላቅርብ። ፊደል የቆጠርኩት በጎረቤቴ በአደም አባት ሱቅ ስኳር ይጠቀለልበት ከነበረው ጋዜጣ ላይ ነውና፣ ዓረፍተ ነገሬ መሃል ላይ ቢቀደድ ይቅር ይበሉኝ።

፩. ስለ ምድጃው። ቤቶቹ የተሠሩት በመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ፣ ቁልፍ የሚሰጠው ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ ነድዶ መሥራቱ ሲረጋገጥ ነው ይላል ደንቡ። ምድጃው ያለው ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ምን ያህል ማገዶ እንደቆጠበልን ሳስብ እደነቃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ በአሥራ አንድ ቤት አንዲት ጭራሮ አልነደደችም። እኔ የግንባታው ጥበቃ ስለነበርኩ የእኔ ቤት ለሙከራ ተከፈተ፤ ሽሮ ሠራሁ፣ ተቆጣጣሪዎ ቀመሱ፣ ቁልፍ ተሰጠኝ። የናሙና ነዋሪ ነኝ። ናሙና መሆን ክብር ነው፤ ናሙና ግን ሁልጊዜ ብቻውን ነው።

፪. ስለ ግድግዳው። ይህ ቦታ ሳይፈርስ በፊት የአሥራ ሁለታችን ሰፈር ነበር። የእኔና የይታየሽ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የድንጋይ ግድግዳ ተጋርቶ ኖሯል። ስስል ከወዲያ በዘነዘና ትመታውና «አያ ካሤ፣ ወይ ዳን ወይ ሙት፣ አንዱን ምረጥ!» ትለኝ ነበር፤ ጠዋት ግን ዝንጅብል አፍልታ ታመጣለች፣ ስትመለስም በገል እሳት ከእኔ ምድጃ ጭራ ትሄዳለች። በአዲሱም ዕጣ ቁጥር አሥራ አንድ ለእሷ ስለወጣ ግድግዳችን አሁንም አንድ ነው። ብሎኬቱ ጥሩ ነው፤ ስስል ባዶው ቤት ሳሌን ሳያጎድል ይመልስልኛል። ይታየሽ ከከተማው ዳር በኪራይ ክፍል ናት። የክፍሉ ባለቤት ልጁን ሊድርበት ስለሆነ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ልቀቂ ብሏታል።

፫. ስለ ራሴ ጥፋት። ሰኔ ሠላሳ በጀት ሲዘጋ ሰው ያልገባበት ቤት ለመጋዘን ይተላለፋል የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ላይ ለጥፈው ነበር። ደነገጥኩ። አደም ዘንድ ሄጄ ከሱቁ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰልባጅ ተዋስኩና በየበሩ ፊት ሽቦው ላይ አሰጣሁት፤ ቀሚስ፣ የሕፃን ሱሪ፣ የተማሪ ሹራብ። አደም ቆሞ እያየኝ «አያ ካሤ፣ በስተርጅና አሥራ አንድ ሚስት አገቡ እንዴ?» አለኝ። «ቁጥር ሦስት ያንተው ቤት ነው፤ ሳቅህን ትተህ የሀሊማን ቀሚስ ጨምርበት» አልኩት። ሀሊማ ሚስቱ ናት፤ ላከችልኝ።

የዚያን ቀን ነገር ለእርስዎ ብቻ ልናዘዝ። ነፋስ ተነሳና እጅጌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተወዛወዙ። ሰላም ያሉኝ መስሎኝ እጄን አንስቼ አጸፋውን መለስኩ።

ተቆጣጣሪዎ መጡ። ጭቃው ጫማቸውን እንዳይነካ ከመኪናው ሳይወርዱ በመስኮት ቆጠሩ። ልብስ ካለ ሰው አለ፣ ሰው ካለ ምድጃው ነድዷል ብለው፣ አሥራ ሁለቱም ቤት ነዋሪ ገብቶበታል የሚል ሪፖርት አቀረቡ። አደም ቁልፉን ሊጠይቅ ቢሄድ «ቤቱ ሰው አለበት» ተባለ። ይታየሽም የእኔ ሥራ መሆኑን ሰምታ፣ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ሱሪ መስቀል የእኔ ጥፋት ነው፤ ሱሪ ቆጥሮ ሰው ማለት የማን እንደሆነ ግን ለእርስዎ እተዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ቤቶቹ ባዶ ናቸው ብለው ይጻፉና፣ ጳጉሜ ሳይወጣ የቁጥር አሥራ አንድን ቁልፍ ለይታየሽ ይስጡ። ቅጣት ካስፈለገ የእኔን ቁልፍ ይውሰዱ።

፬. ስለ መንገድ መብራቱ። መብራቱ የቆመው

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በር ተንኳኳ። ከገባሁ ጀምሮ ይህ በር ሲንኳኳ የመጀመሪያው ስለሆነ ድምፁን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ይታየሽ ናት። ላስቲክ ተከናንባ፣ ዕቃዋን በሁለት አህያ ጭና ዝናብ ውስጥ ቆማለች። «የምኖርበትን ቤት ላየው መጣሁ» አለች፤ ሳትስቅ። ወረቀት ሰጠችኝ። የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት ነው፦ አመልካቿ ከሰኔ ወር ጀምሮ በቤት ቁጥር አሥራ አንድ እየኖሩ ስለሆነ፣ ሌላ ቤት ይሰጠኝ ማለታቸው ተቀባይነት የለውም።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ስንት ገጽ የለመንኩትን እርስዎ በሁለት መስመር ፈጽመውታል። አህዮቹ እየረጠቡ ስለሆነ የቀረውን አቤቱታዬን አንስቻለሁ።

ለማኅተምዎ ድምቀት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ከረጅሙ ሽቦ አንድ ጫፍ፣

ካሤ፣ የቤት ቁጥር አሥራ ሁለት ናሙና

ተጨማሪ፦ የቁጥር አሥራ አንድ ጓጉንቸር ተሰበረ የሚል ወሬ ቢደርስዎ፣ በገዛ ቤቷ ሁለት ወር የኖረች ሴት ቁልፍ ጠፍቷት ጎረቤቷ ረዳት ተብሎ ይመዝገብልን። ነገ አደምና ዘጠኙ ጎረቤቶቻችን ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ለይታየሽ የሰጡትን መልስ ለእያንዳንዳቸው ሳይቀንሱ፣ በማኅተም እንዲሰጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ምድጃው እንደሚሠራ ተረጋግጧል፤ እሳቱን በገል ከእኔ ጭራ ወሰደች። ይህን እየጻፍኩ አስለኝ፤ ግድግዳው ተመታ።