የማሞቂያው ገንዘብ

ላይል፣

ከመተኛትህ በፊት የወጥ ቤቱን ቧንቧ በስሱ ክፈተው፤ ካልተንጠባጠበ ውኃው በረዶ ሆኖ ቱቦውን ያፈነዳዋል። ውሻዋ በልታለች። ብታለቃቅስብህ እንዳታምናት።

መንግሥት ግብር የመለሰልን ጊዜ "እናጥፋው ወይስ እናስቀምጠው?" ያልኩህ እኔ ነኝ። "ምን ጥያቄ አለው ማርጊት! ይሄ አሮጌ ማሞቂያ አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል፣ እናስቀምጥ" ያልከኝ አንተ ነህ። የሁለታችንንም ቼክ የጋራ ሂሳባችን ውስጥ አስገባን።

ዛሬ ጠዋት ማሞቂያው ቀጥ ብሎ ጉድ ሠራን። ጠጋኝ ልጠራ ብዬ ባንክ ብደውል ገንዘቡ የለም። የት እንደገባ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። "ላይል በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ያቆመውን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ አየሽው? ምድጃ ሁሉ አለው እኮ!" አለችኝ።

እኔም ከዚያው ገንዘብ ላይ ለቦት ጫማ ስልሳ ዶላር አንስቻለሁ። ልነግርህ አፍሬ ነበር፤ ይቅርታ። አንተ ግን ትናንት እራት ላይ ስለ ቁጠባ ስትመክረኝ አመሸህ።

ብርድ ልብሶቹን በሙሉ አልጋህ ላይ ደርቤልሃለሁ።

የጎጆውን ቁልፍ ወስጃለሁ። ማሞቂያዬ ያለው እዚያ ነው።

ማርጊት