ላላስተማሩኝ ሙያ ስለፈተኑኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለወንበርዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ክፍልዎ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቅሁ፣ ባለፈው ወር ደግሞ እዚያው ለቤተ ሙከራ ረዳትነት ተወዳድሬ ፊትዎ የወደቅሁ ልጅዎ ነኝ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በመስታወት አስገብተው ያሰቀሏቸውን የትምህርት ክፍሉን ዓላማዎች በቃሌ ስለማውቃቸው በዚያው ተራ ላመስግንዎ።

፩. «ተመራቂው ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ይጠግናል» ይላል። እኛ ኔትወርክ የዘረጋነው በጠመኔ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሣጥኖች ስለው በመስመር ያገናኛሉ፤ እኛ እንገለብጣለን። ቤተ ሙከራው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተቆልፎ፣ ኮምፒውተሮቹ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ተከናንበው በመስኮት እናያቸው ነበር። ይከፈትልን ብለን ቢሮዎ ብንመጣ «ልጆቼ፣ ዕቃው ይበላሻል» አሉን። እውነትዎን ነው፤ ዕቃው አልተበላሸም። የተበላሸነው እኛ ነን።

፪. «ተመራቂው በሙያ ሥነ ምግባር የታነጸ ነው» ይላል። ይህንንስ በተግባር አስተምረውናል፤ አልክድም። የጥራት ገምጋሚዎች የመጡ ዕለት በሩ ተከፈተ፣ ጨርቁ ተገፈፈ፣ እኛም ተደርድረን ጣታችንን እንድናንቀሳቅስ ታዘዝን። አንዲት ገምጋሚ «አፈ ቅቤ» የምንለው ጓደኛችን ዘንድ ቆመው ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። «ዳታ ቤዝ እያስተካከልኩ ነው» አለ። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እንኳ አልተሰካም። ገምጋሚዋ «ጎበዝ» ብለውት አለፉ፤ እርስዎም ከኋላቸው ራስዎን ነቀነቁ። እንግዶቹ ግቢውን ሳይለቁ በሩ ተቆለፈ።

፫. «ተመራቂው ችግር ፈቺ ነው» ይላል። ወደ ፈተናዬ ላምራ። የኬብል ጫፍ ልጬ መሰኪያ እንድገጥምበት አዘዙኝ። የሽቦዎቹን ቀለም ቅደም ተከተል ሳልሳሳት ወጣሁት፤ መሰኪያውን ከሽቦው ጋር የሚያጣብቀውን መቆንጠጫ ግን በሕይወቴ ጨብጬው አላውቅም ነበርና ሽቦዎቹን ቆረጥኋቸው። እርስዎ አብረውዎት ወደተቀመጡት መምህራን ዞረው እየሳቁ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የት ነው የተማርሽው?» አሉኝ።

«እዚሁ፣ እርስዎ ዘንድ» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። እርስዎ ግን ጉሮሮዎን ጠርገው «የተግባር ልምድ የላትም፤ ቀጣይ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት በንዴት ዓይኔ ጨልሞ ደረጃውን በመዳበስ ነው የወረድሁት። ውኃ የከለከሉትን ችግኝ ለምን አልጸደቅህም ብሎ መንቀል ምን ይሉታል? ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። እሷም «ታዲያ የወደቀው ማን ነው?» አለችኝ። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

እኔና አፈ ቅቤ ግን ተቀምጠን አላለቀስንም። መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች እየለመንን በእናቴ ሳሎን ውስጥ ፈታን፣ ገጠምን፣ አቃጠልንም። ዕቃ ሲበላሽ ሰው እንደሚማር ያወቅነው እዚያ ነው። ትናንት ሁለቱ ኮምፒውተሮች በገጠምሁት ኬብል ተገናኙ። ከደስታዬ ይልቅ የባሰብኝ ንዴቴ ነው፤ በእናንተ ቤት ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ለካ ይህን ያህል ቅርብ ነበር!

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፦ ወይ በሩን ይክፈቱ፣ ወይ ዓላማዎቹን ከግድግዳው ያውርዱ።

የሰጡኝን ማዕረግ ተሸክሜ፣ የነፈጉኝን ሙያ ራሴ እየለቀምሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የትምህርት ክፍልዎ ኩራት፣ ለትምህርት ክፍልዎ የማትበቃው ምሩቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታናሽ እህቴ ዘንድሮ እናንተ ዘንድ ልትመዘገብ አስባ ነበር። አሁን የምግብ ዝግጅት መርጣለች፤ እዚያ ቢያንስ ምድጃው ይለኮሳል አሉ።