መርፌ የሌለበት ሠርግ

ሊምሪጅ፣ ፔንሲልቬንያ
ኦክቶበር 14 ቀን 1952

ውድ ፓቬል፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሰው ይህን የሚጠይቀው ለወግ ነው፤ እኔ ግን የምሬን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ዶክተር ኬስለር ባለፈው ወር ደሜን አይቶ «ማርጊታ፣ ድነሻል» ብሎኛል። እናትህም ደህና ናቸው፤ ብርድ ሲገባ ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል እንጂ።

የፍቺው ወረቀት ደርሶኛል። አብሮት የላክኸውንም ደብዳቤ አነበብኩት። ኦሃዮ ውስጥ ሎሬታ የምትባል ሴት እንዳገኘህ፣ ካረገዘች ሦስት ወሯ እንደሆነ፣ እኔ ቶሎ ከፈረምኩልህ ሜሪላንድ ወስደህ እንደምታገባት ጽፈሃል። «እዚያ ጣጣ የለውም» ትላለህ። አዎ፣ የለውም። እኔንም የወሰድከኝ እዚያው ነበር።

ያኔ እዚሁ ሰፈራችን እንጋባ ስልህ «የፔንሲልቬንያ ሕግ ደም ሳይመረመር አያጋባም፤ አንቺን መርፌ ሲወጉሽ ማየት አልችልም» አልከኝ። እኔ ሞኟ ፍቅር መሰለኝ። አውቶቡስ ውስጥ መዳፍህ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አይቼ «ምንድን ነው?» ብልህ «የኖራ ነገር! ኖራ ፋብሪካ የሚሠራ እጅ እንዲህ ነው» አልክ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ኖራ ሲዝቅ እጁ አንድም ቀን እንዲያ ሆኖ አያውቅም። ግን አገባሁህ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነጠብጣቡ ጠፋ፣ አንተም የተገላገልክ መሰለህ።

አልተገላገልክም። አብረን ልንመረመር ሄደን አንተ ከክሊኒኩ በር ስለተመለስክ ዶክተሩ ያስረዳኝን እኔ ልንገርህ። የያዘን በሽታ ስሙ ቂጥኝ ነው፤ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ነው። መጀመሪያ የማያም ቁስል ያወጣል፣ ቁስሉ በራሱ ይደርቃል። ቀጥሎ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ እሱም ይጠፋል። ሰውየው ዳንኩ ይላል፤ በሽታው ግን ደም ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ከዓመታት በኋላ ልብን፣ ዓይንን፣ አእምሮን ይጎዳል። ሴቷ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ልጃችን ሞቶ የተወለደው እናትህ እንደሚሉት ከባድ ባልዲ ስላነሳሁ አልነበረም።

ውጤቱ ሲነገረኝ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አንተ ነበር። «ከማን አመጣሽው?» አልከኝ። ከአንተ በቀር ወንድ የማላውቀውን እኔን! እሱንም ለብቻዬ ብትለኝ ምን ነበረበት፤ መጠጥ ቤት ገብተህ ለወንድሞችህ አወራህና ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። እናትህን «ይሄ ከልጅዎ የመጣ ነው» ብላቸው «ልጄን አትንኪብኝ! እሱ ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም!» አሉኝ።

እሑድ እሑድ የሚሆነውን ታውቃለህ? አባ ሁላችንንም በአንድ ማንኪያ አይደል የሚያቆርቡን፤ ከእኔ ኋላ የሚሰለፍ ሰው ጠፋ። ጎረቤታችን ዙዛና ጮክ ብላ «አባ፣ እሷ መጨረሻ ትሁን እንጂ! እኛ እኮ ልጆች አሉን!» አለች። በማንኪያ እንደማይተላለፍ ዶክተሩ ነግሮኛል፤ ማን ይስማኝ? አባም አቀርቅረው ማቁረባቸውን ቀጠሉ። አሁን ድኜም ቢሆን መጨረሻ ቆሜ ነው የምቆርበው። ልጅ የሌላት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይሆናል።

አሁን ስማኝ። እኔን ያዳነኝ ፔኒሲሊን እዚያም አለ። ሎሬታ ዛሬ ነገ ሳትል ተመርምራ መርፌውን ከተወጋች ልጁ ይተርፋል ብሎኛል ዶክተሩ። አንተም መወጋት አለብህ፣ ያለዚያ መልሰህ ታስይዛታለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለብቻህ ቢሆን ደብቀው፣ የራስህ ጉዳይ ነው እልህ ነበር። እሱም ውሸቴን ነው።

ስለዚህ አልፈርምም። ሜሪላንድ የሚባል ነገር የለም። ደም ሳይታይ በማይጋባበት በዚያው በኦሃዮ ታገባታለህ። ሁለታችሁም ተመርምራችሁ ሕክምናውን ስትጀምሩ ሐኪማችሁ ለዶክተር ኬስለር ያስታውቀው፤ እኔም የዚያኑ ዕለት እፈርማለሁ። ምቀኛ በለኝ። አዎ፣ ምቀኛ ነኝ። ሆዷ ሲገፋ አጠገቧ ቆመህ እንደምትደሰት ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል። ግን እሷ ምን አደረገችኝ? እኔን የመሰለች ሞኝ ናት። ውጤቷ ሲመጣ ደግሞ ከማን አመጣሽው እንዳትላት። ከማን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ልጁ ሲወለድ አትጻፍልኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ማንን እንደመሰለ አትንገረኝ፤ የምደሰት አይመስለኝም። ብቻ እያለቀሰ ይወለድ። የእኛ አላለቀሰም።

እግዚአብሔር እሷንና ልጇን ይጠብቅ። አንተንም።

እስክፈርም ድረስ ሚስትህ፣
ማርጊታ