የመክሊት ሙልሙል

ለወንድሜ ለፋንታው፣ መተማ

ጤናህ እንዴት ነው? የቆላው ወባስ አልነካህም? እኔ መድኃኔ ዓለም ሳይለየኝ አለሁ። ዝናቡ ደግ ነው፤ ድንቹም አምሯል።

እንደምታውቀው ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምበላው እህታችን ማሬ ቤት ነው። ለቡሄ ማሬ ለልጆቿ ሙልሙል ስታድል ያንተዋ ልጅ መክሊትም እጇን ዘረጋች። «ላንቺማ እናትሽ ትጋግርልሽ!» አለቻት። እናቲቱን የቀበርናት እኛው! ልጆቹ ሳቁ።

ይህን የሰማች ጎረቤታችን ቃልኪዳን፣ ያች ከቤሩት የተመለሰችው፣ ትኩስ ሙልሙል ይዛ መጣች። «እንቺ የኔ እመቤት፣ ያንቺ የተጋገረው እኔ ቤት ነው» አለቻት። ቃልኪዳን ዞር ስትል ማሬ፣ «የዐረብ ገረድ ያቦካችውን ለውሻ ስጪው» አትልም? ከቅዳሴ የማትቀር እህቴን ተጸየፍኋት፤ ዳቦዋን እየበላሁ የተቀመጥሁትን ራሴንም ጭምር።

ከዚያን ዕለት ወዲህ መክሊት የምታድረው ቃልኪዳን ዘንድ ነው፤ አልጋዋ ላይ አብራት ትተኛለች። ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ፊቷ ወዝቶ ብታያት አታውቃትም።

ቃልኪዳንም ደህና ናት። ፓስፖርቷን አሳድሳለች፤ «አልጋዬን የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ» ብላኛለች። እስካሁን ለማንም፣ ለመክሊትም ቢሆን፣ አልተናገርሁም።

ለመስቀል ብትመጣ ደግ ነው። እስከዚያው መድኃኔ ዓለም ከቆላው ንዳድ ይሰውርህ።

ወንድምህ ስማቸው