በየቀኑ የምገዛው ሽንኩርት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የልጄ የዳዊት መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ነበር። ዛሬም ማክሰኞ ነው።

ጠዋት ሴት ልጄ ሳራ፣ «እማዬ፣ አስቤዛ በየሁለት ሳምንቱ እንግዛ በቃ። በወጣሽ ቁጥር ያላሰብሽውን ትገዢያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዳዊት ደመወዝ ቀርቷል።

ካዛንቺስ ያለ ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ደርሶኛል። ላንቻ አትክልት የምትሸጠው ዘይነባ ግን መሞቱን አልሰማችም። ጥቁር ልብሴ እንዳይታያት ጋቢ ደርቤ በየቀኑ እሄዳለሁ። ዛሬም ሽንኩርቱን እየመዘነች፣ «ያ ቀልደኛ ልጅሽ የት ጠፋ? ቲማቲሜን ከሰደበልኝ ሰነበተ» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት።

በሰፈሩ ሁሉ ሞቷል፤ እሷ ዘንድ ብቻ ሥራ በዝቶበታል።

ማታ ሳራን እሺ አልኳት። ምን እላታለሁ? ከነገ ጀምሮ ስለ እሱ በየቀኑ የሚጠይቀኝ የለም።

ይህን ጽሑፍ የምታገኙ ሰዎች፣ ስትጸልዩ ዳዊቴን በስሙ ጥሩልኝ።