ደህና ነው ያልኩሽ ማሽን

እማዬ፣

በድንገት ጥለሽን ከሄድሽ ዓመት ሞላ። ባለፈው ቅዳሜ ሙት ዓመትሽን አወጣን፤ እኔም ሳምንት ቀድሜ ከአዲስ አበባ ቦንጋ ገባሁ። የጨርቅ ሱቅሽን አሁን የያዘችው እህቴ ሙሉ ናት። እንዳንቺ ትርፍ ጣል አድርጋ ስለማትለካ ደንበኞችሽ ያኮርፏታል፤ እሷም መልሳ ታኮርፋቸዋለች። የጓሮው ዛፍ በንፋስ ወድቆ የጎረቤት አጥር ሰበረ። ዝናቡ አንቺ እያለሽ እንደነበረው ነው፣ የተሰጣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለመናገር ስላፈርኩ ነው።

በስልክ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ሥራዬ ነበር። «ማሽኑስ ደህና ነው?» ትይኛለሽ፣ ልክ ስለ ልጅ ልጅሽ እንደምትጠይቂ። እኔም ሰው ስለ ቤተሰቡ ሲጠየቅ እንደሚመልሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» እልሻለሁ። ቤቱ በሽተኛ የተኛበት ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? አንቺ ግን እንዳለ ወሰድሽው።

ደህና ሆኖ አያውቅም፣ እማዬ። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታላችን ያስመጣውና እኔ ሥራ ለማስጀመር የምደክምበት ማፋጠኛ ካንሰርን በጨረር የሚያክም ነው። ኤሌክትሮን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን በቱቦ ውስጥ እያፈጠነ ይተኩሳል፣ ጨረሩም ከዚያ ይገኛል። ቱቦው ውስጥ ታዲያ አየር መኖር የለበትም፤ ካለ ቅንጣቶቹ እየተጋጩ ይበተናሉ። ስለዚህ አየሩን የሚመጥጠው ፓምፕ ቀን ከሌት መሥራት አለበት። ተሳካልን ስንል መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፓምፑ ይቆማል፣ የደከምንበት ሁሉ ውሃ ይበላዋል፣ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። መብራቱ ሲረጋ ደግሞ የማቀዝቀዣው ውሃ ይሞቅና የጨረሩ መጠን ከፍ ዝቅ ይላል። መጠኑ ያልታወቀ ጨረር ሰው ላይ አይለቀቅም። ይህን ሁሉ በስልክ ከማስረዳሽ ደህና ነው ማለት ቀለለኝ።

ለካ አንቺ ማሽኑን ለግማሹ የከፋ ዞን አከፋፍለሽዋል! ለማኅበርተኞችሽ፣ ለአንድ ለአምስት ቡድንሽ፣ ከሺሺንዳ ለሚመጡት ነጋዴዎች ሳይቀር «ልጄ አለ፣ አይዟችሁ» ብለሻል። በመጣሁ ማግስት በራችን ላይ ሰው ቆሞ አገኘሁ። «እናትህ ቃል ገብተውልናል» ይሉኛል። ማሽኑ አይሠራም ስላቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዱና በማግስቱ ማር ይዘው ይመለሳሉ። አይሠራም ማለቴ እጅ መንሻ መጠየቄ መስሏቸው ነው። በየቢሮው ያስለመድናቸው ይህንኑ አይደል? ኃላፊው የለም፣ ኔትወርክ የለም ሲባሉ በባዶ እጃቸው ዳግም እንዳይመጡ ተምረዋል። አልቀበልም ባልኩ ቁጥር ማሩ ይበዛል። እህቴ ማስቀመጫ ቢጠፋት ሱቅሽ ውስጥ ከጨርቁ ጎን ደረደረችው። አንቺ ብታይ ትስቂ ነበር፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት አፍሬ አላውቅም።

ከሁሉ የከበደኝ የጓደኛሽ የእትዬ ወሰኔ ነገር ነው። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ጅማ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ጨረር እንዲታከሙ ታዘዘላቸው። እዚያ ሌላ አሮጌ ማሽን አለ፤ ወረፋው ቢያስመርርም ይሠራል። እሳቸው ግን ወረፋ ሳይዙ የእኔን ማሽን ሲጠብቁ ወራት አለፉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ሌላ ጋ ብሄድ እናትህ ትቀየመኛለች» አሉኝ። ሞተሽም እንኳ እንዳትቀየሚያቸው ፈርተው ነው። ለእሳቸውም ማሽኑ እንደማይሠራ ነገርኳቸው፤ በማግስቱ ልጃቸው ማር ይዛ መጣች።

አንድ በአንድ መንገር እንደማያዋጣ ያኔ ገባኝ። የሙት ዓመትሽ ዕለት ካህናቱ ጸሎት እንደጨረሱ ድንኳኑ መሃል ቆምኩ። ልጇ ሊያመሰግን ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ማሽኑ አንድም በሽተኛ አክሞ እንደማያውቅ፣ ችግሩን መፍታት እንዳቃተኝ፣ መቼ እንደሚሠራም እንደማላውቅ ተናገርኩ። እናቴ የነገረቻችሁ እኔ ያልኳትን ነው፣ ውሸቱ የእኔ ነው፣ እኔን ብላችሁ አትጠብቁ አልኩ። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዝክርሽ ቀን፣ እንጀራሽን በበላው ሰው ሁሉ ፊት ኩራትሽን አፈረስኩብሽ። ሲወጡ አንድ በአንድ እጄን እየያዙ፣ ልክ ለቅሶ እንደ ደረሱ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ወሰኔን ከልጃቸው ጋር አውቶቡስ አሳፈርኳቸው። እዚያ ደርሰው የአሮጌውን ማሽን ወረፋ ይይዛሉ። የባከኑትን ወራት ማን እንደሚመልስላቸው አላውቅም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብለው «ካልተመለስኩ ለእናትህ ምን ልንገርልህ?» አሉኝ። ቤት ገብቼ ይህን የጻፍኩልሽ ከእሳቸው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

አልረሳሽም፣ እማዬ፤ በየዓመቱ መጥቼ አስብሻለሁ። እትዬ ወሰኔን ግን እባክሽ ቶሎ አትጥሪያቸው።

ልጅሽ