ጌቴ፣ ድምፅ መቅዳት እየተማርኩ ነው

ጌቴ ሆዴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። አንተን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ግን ነገር ፍለጋ ይመስላል፤ ስለዚህ አፈሩን ገለባ ያድርግልህ ብዬ እጀምራለሁ። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ያ ፊት የሚለበልበው የኸምሲን ነፋስ ለሁለተኛ ጊዜ እየነፈሰብን ነው። ብትኖር ይሄ ወቅት ያንተ ነበር። የሃያብለ ሰፈር ሰው ሁሉ የተበላሸ ቬንትሌተሩን ተሸክሞ ሱቅህ በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ጀምረህ የተውከውን የጣሪያ ቆርቆሮ ጎረቤቶች ጨርሰውልኛል። ልጅህ ሰላም ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ገብታለች፤ ቁመቷ በልጦኛል፣ ምላሷም እንደዚያው። ፈረንሳይኛዬን በሰማች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሱቅህን አንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ተከራይቶታል። እስካሁን ቬንትሌተር ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሰውዬው «ሞተ» ማለት ከብዶት «ዛሬ የለም» እያለ ይመልሳቸዋል አሉ። ይህን የሰማሁ ቀን ሆድ ባሰኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ድምፅ መቅዳት እየተማርኩ ነው። አዎ፣ እኔ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል እንጂ በዚህ በቆርቆሮ ሰፈር ባዳ የሚሆን ጆሮ የለም፤ «ባሏን ቀብራ በዚህ ዕድሜዋ ዘፈን ቤት ገባች» ሲሉ ከግድግዳው ማዶ ሰምቻቸዋለሁ። ይበሉ።

ነገሩ የተጀመረው በለቅሶህ ነው። ካርቲዬ 2 ያለው የቀረጻ ስቱዲዮ ባለቤት ሙሴ ዋይስ፣ ማቀዝቀዣውን፣ ያን ክሊም የምትለውን፣ ስትጠግንለት የኖርከው ሰውዬ፣ ሊያጽናናኝ መጣ። እንግዲህ ምን ልትሠሪ አስበሻል ብሎ ጠየቀኝ። ማን ቤት ልትቀጠሪ ማለቱ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን አንተ ክሊሙን ፈትተህ እስክትገጥም ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ፣ ሙሴ ዋይስ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጎልኝ አልነበር? አንዲት ሴት ልትዘፍን ስትል ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። እስከ ሚኒባሱ ድረስ ስለዚያ ትንፋሽ ሳወራህ ዘፈኑንስ አልሰማሽም ወይ ብለህ ሳቅክብኝ። እናም ለቅሶው ላይ ሙሴ ዋይስን «ያንተን ሥራ ሰው ሊማረው ይችላል ወይ» አልኩት። አርባው ካለፈ በኋላ ነይ አለኝ።

ጥቁሬን እንደለበስኩ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ያደረግኩትን ብታይ ከመሳቅህ በፊት ታለቅስልኝ ነበር። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ሚክሰሩ፣ ያ ባለ ብዙ ቁልፉ ትልቅ ጠረጴዛ፣ አቧራ ለብሷል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ አይደል? ጨርቅ አረጠብኩና ቁልፍ በቁልፍ ወለወልኩት። ተንሸራታቾቹ ቁልፎች አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ሆነው ሳያቸው ደግሞ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ሁሉንም እኩል አሰለፍኳቸው። ለካ ያ ዝርክርክ የመሰለኝ ነገር ሙሴ ዋይስ የአንድ ባንድ ድምፅ ሲያመጣጥን የሰነበተበት ልፋት ነው። ገብቶ ሲያየው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ራሱን ያዘ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል የት ትሄጃለሽ፣ አብረን እንመልሰዋለን አለኝ። የቱ ቁልፍ የከበሮው፣ የቱ የሴትዮዋ እንደሆነ፣ ለምን እዚያ ድረስ ከፍ እንዳለ እየነገረኝ ቀኑን ሙሉ መለስነው። ከዚያ ቀን የበለጠ የተማርኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ ገመድ ሳይጣመም መጠቅለል፣ ማይክሮፎን ከአፍ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሁሉን ቀስ በቀስ ያዝኩ። አንተንም ተቃውሜሃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ ክሊም ይዙር ብለህ ለፋህ፤ እኔ ደግሞ ቀረጻ ሲጀመር መጀመሪያ የማደርገው እሱን ማጥፋት ነው። በዚህ አገር ዝምታ ያለ ላብ አይገኝም።

የኔ ችግር ሌላ ነበር። ጋቦዴ ሰፈር ማዳም ኸድራ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆኜ የኖርኩትን ታውቀዋለህ። ከሰዓት ቤተሰቡ ጋደም ሲል ሳህን ከሳህን ሳላነካካ አጥብ ነበር፤ በር ስዘጋ ድመት እንኳ አትሰማም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው ያን ሁሉ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት። ስቱዲዮ ውስጥም ይሄ ልማዴ መጀመሪያ ጠቀመኝ። ነገር ግን ድምፅ የሚቀዳ ሰው ዘፋኙ ሲሳሳት የማነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ማስቆም፣ እንደገና ማስጀመር አለበት። እዚህ «አንኮር» ነው የሚሉት። ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ዘፈኑን ሊያስቀዳ መጥቶ መሃል ላይ ሲስት ሰማሁ፤ ሰምቼ ዝም አልኩ። ስህተቱ ሲታወቅ መኪናው የፔካ 12ን ኬላ አልፎ ወደ ጋላፊ ድንበር ወጥቷል። ሙሴ ዋይስ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጆሮሽ ያውቃል፣ አፍሽ ይፈራል፤ ሁለተኛ ከደገምሽው ወንበሩን ልሰጥሽ አልችልም አለኝ። ወንበሩ ከቀረብኝ ያለኝ ሥራ ያው የሰው ቤት ማደር ነው። ሰላምን ለማን ትቼ?

ይህን ባለኝ ሰሞን ማን እንደመጣ ገምት። ማዳም ኸድራ ራሷ! ፈረንሳይ አገር ላሉት የልጅ ልጆቿ የሶማሊ ተረት ቀርጻ ልትልክላቸው ነው። አርጅታለች ጌቴ፤ ጉልበቷን እያሻሸች ነው የምትቀመጠው። አቅፋ ሳመችኝ፣ ስላንተ አዘነችልኝ፣ ከዚያ እንደ ድሮው ውኃ አለችኝ። ራሴ ሳያስብ እግሬ ሄዶ አመጣላት።

ክሊሙን አጠፋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ወዲህ ተቀመጥኩ። ሙሴ ዋይስ ከኋላዬ ቆመ። ማዳም ማውራት ጀመረች። ታምር ነው ስታወራ፤ ጅቡን ስትሆን እኔም ፈራሁ። እጇን ባነሳች ቁጥር ግን የወርቅ አምባሮቿ ይንቃጨላሉ፤ ተረቱ ስር እንደ ማንኪያ ይሰማል። ሙሴ ዋይስ ሰምቷል፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ፣ አነሳሁ፣ እንደገና አደረግሁ። ያ ሁሉ ዘመን ዝም በይ ስትለኝ የኖረችውን ሴት እንዴት ብዬ ላስቁም?  ከዚያ ሰላም ከትምህርት ቤት መጥታ ባዶ ቤት ስትከፍት ታየችኝና ተጫንኩት።

«ማዳም፣ አንኮር። አምባሮችዎን ያውልቁልኝ።»

የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም፤ ክፍሉን ሞላው። ማዳም በመስታወቱ አየችኝ።  ቀስ ብላ አንድ በአንድ አወለቀቻቸውና ጭኗ ላይ አኖረቻቸው፤ ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ ለካ፣ አንድም ቀን አላሰማሽኝም አለችኝ። አልቀለደችም፤ ያዘነች ነው የመሰለኝ። ከዚያ ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ሁለተኛው ከፊተኛው በለጠ። እኔም አንድ ቦታ ላይ ሌላ አንኮር አልኳት። ስትወጣ ጉንጬን ይዛ «ለልጅ ልጆቼ ‹ተረቱን የቀዳችላችሁ አልማዝ ናት› ብዬ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ሙሴ ዋይስ የእሱን ወንበር ወደኔ ገፋልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጬበታለሁ። ሰላም ማታ ስነግራት እየዘለለች ጮኸች፣ ጎረቤት ደንግጦ መጣ። አንተ አለመኖርህን በጣም የጠላሁት ያን ጊዜ ነው ጌቴ። ለቅሶ ከሰው ጋር ይቻላል፤ ደስታን ያላንተ መያዝ ግን አልቻልኩበትም።

አንድ ነገር ላስታውቅህና ላብቃ። ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ማይክሮፎኑን የምፈትሸው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሲፈትሽ «አን፣ ዱ፣ ትሯ» ብሎ ይቆጥራል። እኔ አልቆጥርም። «ጌታቸው፣ ጌታቸው፣ ጌታቸው» እላለሁ፣ መጀመሪያ ዝግ ብዬ፣ ከዚያ በሙሉ ድምፄ። ከመስታወቱ ማዶ ያሉት ጌታቸው ማን ነው ይሉኛል። ባሌ ነው እላቸዋለሁ። ይሄ ሥራ በእጄ እስካለ ድረስ፣ ሆዴ፣ በዚህ ከተማ ስምህ ጮክ ተብሎ ሳይጠራ አይውልም።

ያንተው አልማዝ